በዐስር አዛን የበላነው ግንብ

የያዙኝ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር፣ ከቤቴ በር ላይ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። ካርቱም ዓርብ ሥራ ስለማይኖር እኛም የምንሰበሰበው በዚያ ቀን ነው። ስብሰባ ስላችሁ ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ፤ ስምንት ዘጠኝ ሰው ሆነን፣ ሀገር ቤት ያለ ፍርድ የታሰሩ ሰዎች ይፈቱ የሚል ወረቀት አዘጋጅተን ፊርማ እናሰባስብ ነበር። ሌላ ያደረግነው ነገር የለም።

ሦስት ሰዎች በነጭ ፒክአፕ መጡ። አንደኛው «ኢቃማ» አለኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን አወጣሁለት፤ ሳያየው ኪሱ ከተተው። ባለቤቴ «ጫማውን እንኳ ያድርግ» ብላ በዐረብኛ ለመነቻቸው። «ምን ያደርግለታል? ለአምስት ደቂቃ ነው» አሏት። አምስቱ ደቂቃ ስምንት ወር ሆነ። ኢቃማዬንም እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም።

የታሰርኩበት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ነው። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ አርካዊት ሰፈር ውስጥ ብዙ ቤት ሠርቻለሁ። ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። ጡቡ ተንጋዶ ተደርድሯል፣ ልስኑ ተነፋፍቷል። መታሰር የነበረበት ይህን የሠራው ሰውዬ ነው ብዬ አሰብኩ። ከጣሪያው ሥር መጽሐፍ የምታክል መስኮት አለች፤ ሙቀቱም የመስጊዱ አዛንም የሚገባው በእሷ ነው።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው የኦምዱርማን መምህር ናቸው፤ ሁሉም፣ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ፣ «ኡስታዝ» ይሏቸዋል። የነዳጅ ዋጋ ሲጨመር ሰልፍ ወጥተው ነው የታሰሩት። ሁለተኛው የእኛው ሰው ነበር፤ ከሱቅ ዐረቢ ገበያ አርካዊት የሚመላለስ ሚኒባስ የሚነዳ፣ አርባ ዓመት የሞላው ሾፌር። አባቱ የጎንደር ሰው ናቸው። እሱ ግን ካርቱም ተወልዶ ካርቱም ያደገ፣ ድንበር ተሻግሮ የማያውቅ ነው። ወንጀሉ ወረቀታችንን ከፎቶ ኮፒ ቤት ሳጃና ድረስ ማምጣቱ ነው። ምን እንደሚል እንኳ አላነበበውም። አማርኛ ማንበብ አይችልም።

ይህን ለሚመረምረን መኮንን ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

«እሱ ምንም አያውቅም፣ ጀናቡ» አልኩት። መኮንን እዚያ የሚጠራው እንደዚያ ነው።

«እንግዲያው የምታውቀው አንተ ነህ ማለት ነው» አለኝና ጻፈው። እንዲህ ያለ ብልጠት ነበረው።

በሁለተኛው ወር አንድ ጠዋት መኮንኑ በሩ ላይ ቆሞ ወረቀት አነበበ። የእኔም የሾፌሩም ስም መተማ ላይ ለሀገራችን ከሚሰጡት ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አለ። ቀኑን አልነገረንም። «ወደ ሀገራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ደስ ይበላችሁ» ብሎ ወረቀቱን አጠፈ። ሾፌሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ወደ የቱ ሀገር?» አለኝ በአማርኛ።

እኔ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። በፊርማው ሰበብ ያስያዙኝ ከድንበር ወዲያ ያሉ የሀገሬ ሹማምንት ናቸው፤ እጃቸው ከገባሁ መቼ እንደምወጣ የሚነግረኝ የለም። ቢያንስ ግን የምሄድበት ሀገር ቋንቋውም መንገዱም አይጠፋኝም። ይህ ሰው ግን ሚስቱም፣ ልጆቹም፣ የእናቱ መቃብርም ካርቱም ነው። አይቶት የማያውቀውን ሀገር «ሀገርህ» ብለው በካቴና አስረው ሊያስረክቡት ነው። ያን ዕለት የተናደድኩትን ያህል ስያዝም አልተናደድኩም።

ከሰዓት በኋላ ጠጋ አለኝ። «ጎንደር ኬፍ? ምን ይመስላል?»

ስለ ግንቡ ነገርኩት።

«ቀስር ያዕኒ? የንጉሥ ቤት? ስንት ደርብ? ሰው ጎኑ ቢቆም ምን ያህል ይሆናል?» እያለ ያፋጥጠኛል። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እኔ ነገር የማስረዳው በእጄ ነው። ስለዚህ ሠርቼ ላሳየው ወሰንኩ።

ጊዜው ሁዳዴ ነበር። ሁለታችንም እንጾማለን፤ እሱ አማርኛው ቢሰባበርም ጾሙን እናቱ በደንብ አስተምረውታል። እህል የምንቀምሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓት ግን የለንም። ሁለት ክርስቲያኖች ጾማችንን የምንፈታው የከሰዓቱን ሶላት፣ የዐስርን አዛን ሰምተን ነበር። ኡስታዝ በዚህ ይስቁብናል። «ሙአዚኑ ቢታመም በረሃብ ልትሞቱ ነው» ይሉን ነበር። ጠዋት የሚሰጡንን ዳቦ አስቀምጠን እንቆያለን፤ በዚያ ሙቀት አዛኑ እስኪሰማ ዳቦው እንጨት ይሆናል። ግንቡን የሠራሁት በዚያ ዳቦ ነው።

መጀመሪያ ሳሙናና ከግድግዳው የተፋቀ ኖራ ልቀላቅልበት አስቤ ነበር። ኡስታዝ እጄን ያዙኝ። ሱዳኖች መሬት የወደቀ ዳቦ ሲያገኙ አንስተው፣ ስመው፣ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡታል። እኛም ጋ እህል አይረገጥም።

«ዐይሽ ነው፣ ያ ወለዲ» አሉኝ፤ ዳቦ ነው እኮ ልጄ ማለታቸው ነው። «እህል ማበላሸት ሐራም ነው። ግንብህን ሥራ፣ አልከለክልህም። ግን ዳቦ ሆኖ ይቆይ። የማይበላ ነገር አትጨምርበት።»

ቃል ገባሁላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከራሳቸው ዳቦ ግማሹን ይሰጡኝ ነበር።

ዳቦውን በሻይ አርሼ አቦካና የምስር ፍሬ የምታክል ድንጋይ እየቆነጠርኩ መስኮቷ ሥር አደርቃለሁ። ሻዩ የጎንደርን ድንጋይ መልክ ሰጠው፤ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ ጠቆር ያለ። ማያያዣውም ያው ሊጡ ነው፤ ስኳር በዛ ካደረጉበት እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ሾፌሩ የሰውን ነገር እየደጋገመ ስላስቸገረኝ፣ አንዲት የደረቀች የፉል ፍሬ ሰው ትሁን ተባባልን፤ መለኪያችንም እሷ ሆነች። በሩ አንድ ፉል ከግማሽ፣ ታችኛው ደርብ አራት ፉል፣ እንዲህ እያልን ሄድን። በአራቱ ማዕዘን ክብ ክቡን ማማ አቆምኩ፤ ጉልላታቸውን በአውራ ጣቴ ጫፍ ቀረጽኩት። ከላይ አራት ማዕዘኑን ትልቁን ማማ ሠራሁ። በጣሪያው ዙሪያ ያለውን ጥርስ ጥርስ ነገር በጥፍሬ አወጣሁት።

የቸገረኝ ደረጃው ነው። እኔ ያደግኩት ከግንቡ አጥር ሥር ነው፤ ግን እኛ የሰፈር ልጆች ግንቡን የምናውቀው ከውጭ፣ ከየቤታችን በኩል ነው። ገብቶ ማየት የእንግዳ ሥራ ነው። የትም አይሄድ፣ ሌላ ቀን እንገባለን እያልን እናድጋለን። አንድ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጋር ገብቼ ነበር፤ የማስታውሰው መገፋፋታችንን ብቻ ነው። ከውጭ ወደ ላይኛው ደርብ የሚያወጣው ደረጃ በየትኛው ጎን እንደሆነ ጠፋኝ። የጎንደር ልጅ፣ ያውም ግንበኛ ሆኜ አላውቀውም ማለት አፈርኩና በመሰለኝ በኩል ሠራሁት። ሾፌሩ የፉል ፍሬዋን አንስቶ ደረጃ በደረጃ አወጣት።

«ዳ አና» አለ። ይህ እኔ ነኝ ማለቱ ነው።

ሊያልቅ ሲል ፍተሻ መጣ። መኮንኑ ግንቡን አይቶ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህ የየት ሕንጻ ነው? ለምን አስባችሁ ነው ሞዴሉን የሠራችሁት?» አለ። ኡስታዝ አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የንጉሥ ቤት መሆኑን እየሳቁ አስረዱት። በስልኩ ፎቶ አንስቶት ወጣ። በማግስቱ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ቢሮው አስጠርቶኝ ሻይ አስቀረበልኝ፤ ጾም ነኝና አልነካሁትም።

«ሐሙስ ከሀገርህ ትልቅ እንግዳ ይመጣል» አለኝ። «ግንቡን ስጦታ አድርገህ ትሰጠዋለህ። በደንብ ተይዣለሁ፣ በደስታ ነው የሠራሁት የሚል ወረቀት ትፈርማለህ። እኔ ደግሞ ስምህን ከዝርዝሩ እሰርዘዋለሁ።»

«የሾፌሩስ?»

«የሠራኸው አንተ ነህ።»

«የሁለታችንን ሰርዝልን፣ ጀናቡ። እሱ እኮ እዚሁ ነው የተወለደው።»

«ሱቅ የገባህ መሰለህ?» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጠባቂው ትሪ፣ ቀይ ጨርቅ፣ አንድ ጣሳ ቫርኒሽና ብሩሽ አመጣ። እንዲያብረቀርቅ ቀባው ተብለሃል አለኝ። እንግዳው የሚደርሰው ከዐስር ሶላት በኋላ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ ልቀባው ነበር። ባለቤቴ ጫማዬን በእጇ ይዛ በር ላይ እንደቆመች ነበር የምትታየኝ። ጣሳውን ከፈትኩ፣ ብሩሹን ነከርኩ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሾፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ቀባው» አለ። «አንተ ውጣ። ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ አልቀየምህም።»

ይህን ባይለኝ ኖሮ ቀብቼው ነበር ብዬ አስባለሁ። ብሩሹ በእጄ እንደተያዘ ቀረ። ኡስታዝ ጣሳውን በጣታቸው አመለከቱ።

«ይህ ከነካው ዳቦነቱ ያበቃል» አሉ።

ብሩሹን ጣሳው ውስጥ መልሼ ከደንኩት። ያንን ግንብ የሠራነው ከአፋችን ቀንሰን ነው። በባዶ እግሬ ያስወሰዱኝ ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ሊያስቀምጡት ነው። እንግዳ ሲመጣ እያሳዩ፣ እስረኞቻችን እንዲህ ተደስተው ይኖራሉ ሊሉበት ነው፤ ከሥሩም የእኔ ፊርማ አለ። የታሰረ ይፈታ ብዬ የፈረምኩበትን እጄን፣ ጓደኛዬን አሳልፌ የምሰጥበት አላደርገውም አልኩ።

አዛኑ ሲሰማ ሦስታችን በትሪው ዙሪያ ተቀመጥን። እኛ አማተብን፤ ኡስታዝ «ቢስሚላህ» አሉ። ለእሳቸው ትልቁን ማማ ገንጥዬ ሰጠኋቸው፤ ታላቃችን ናቸው። ለሾፌሩ ደረጃውንና በሩን ሰጠሁት። እኔ ከማዕዘኑ ጀመርኩ። በደንብ ሠርቼው ስለነበር ጥርስ ይሰብራል፤ በሻይ እያራስን ቆረጠምነው። «ግንበኛው ጨው ረስቷል» አሉ ኡስታዝ፣ አፋቸው ሞልቶ። ሳቅን። ፍርፋሪውን ሾፌሩ በጣቱ እየለቀመ ጨረሰው። የፉል ፍሬዋን ግን አልበላትም፤ ኪሱ ከተታት።

በሩ ተከፈተ። መኮንኑ ፈገግ ብሎ ገባ፤ ከኋላው ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ቆሟል። መኮንኑ ትሪውን አየ፣ ጣሳውን አየ፣ ከዚያ እኛን አየን።

«ወይኖ?» አለ፤ የታለ ማለቱ ነው።

«ጾም ነበርን፣ ጀናቡ። በላነው።»

እንግዳው መሐረቡን ከአፍንጫው አነሳ። «ፎቶው ላይ ያየሁት ግንብ የታለ?» አለኝ በአማርኛ።

«ጎንደር ነው ያለው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረጉንን አልጽፈውም። ኡስታዝን እንኳ ለሽበታቸው አላዘኑላቸውም። በሳምንቱ ሾፌሩን ወሰዱት፤ ሲወጣ ኪሱን መታ መታ አድርጎ አሳየኝ። እኔን ተዉኝ። ለምን እሱን ወስደው እኔን እንዳስቀሩኝ ማንም አልነገረኝም፤ የሚያውቁትም አይመስለኝም። ጥፋት አለ ከተባለ ያለው እኔ ጋ ነበር። ከወራት በኋላ እኔንና ኡስታዝን ያለ አንዲት ወረቀት ከበር አስወጡን። ወደ ሳጃና የሄድኩት በባዶ እግሬ ነው።

ሀገር ቤት እስረኞች ሲፈቱ ከባለቤቴ ጋር ጎንደር ገባን። ሾፌሩ ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ወጥቷል። ቤተሰቡ ከካርቱም መጥቶለት ባጃጅ ይነዳል፤ አማርኛው ዛሬ ከእኔ የበለጠ የጎንደር ነው። እስከ አሁን ይቅርታ ብሎ የደወለልን የለም፤ እሱንም እኔንም ማን ለምን እንዳሰረን የሚል ወረቀት የትም የለም። አንዳንድ ሰው «ያለፈ ነገር ነው፣ ተወው» ይለኛል። እኔ ግን መተው አልተቻለኝም፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በመጣሁ ሳምንት ሾፌሩ እጄን ይዞ ወደ ግቢው አስገባኝ። ግንቡን ዞረን ከደረጃው ፊት አቆመኝ።

«በዚህ በኩል ነው፣ ወላሂ» አለኝ። «አንተ በወዲያ በኩል ነው የሠራኸው። ስንት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ ደረጃ በልቼ ነው የኖርኩት።»

ጥበቃው ዞር ብሎ እስኪያየን ሳቅን። ሳቁ ሲበርድልኝ ስለ ፉል ፍሬዋ ጠየቅኩት።

«መተማ ላይ ኪሴን ሲፈትሹ ዋጥኳት» አለ። «እሷን አልሰጠኋቸውም።»

ከዚያ ደረጃውን ይዘን ወጣን። እሱ ከፊት ነበር።