ለገናሌ ጉዞ ብዬ የዋሸሁት ውሸት

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው... በጃንሆይ ጊዜ። ነገሌ ቦረና አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የቀረበልኝን ወተት ጠጥቼ ሳልጨርስ፣ በገዛ ምላሴ ሕይወቴን አበላሸሁት። ዛሬ ሽማግሌ ነኝ፤ ይቅለለኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ብትስቁብኝም አልቀየምም።

እዚያው ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የምታስተምር ጡዬ የምትባል የቦረና ልጅ ወድጄ ነበር። መውደድ ስላችሁ... ጠመኔ አለቀብኝ ብላ ወደ ክፍሌ ብቅ እንድትል፣ የራሴን ቆጥቤ ሰሌዳ ሳልነካ የምውል ሰው ነበርኩ። ሽማግሌ ልኬ አባቷ እሺ ብለዋል። የቀረው ቀን መቁረጥ ብቻ ነው። አባቷ ኦቦ ጂሎ በአውራጃው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ናቸው። ሰው የተናገረውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማድረስ ሥራቸው ስለሆነ፣ ቤታቸውም ሲጫወቱ ቃል አያባክኑም።

ታዲያ በከተማው ክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ ሕሙማን የሚረዳው ጓደኛዬ ታደሰ አንድ ሐሳብ አመጣ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገናሌ ወንዝ ወርደን አንድ ሳምንት ዓሣ እያጠመድን እንረፍ አለ። አበድን በቃ። ደብተር አውጥተን ዝርዝር ጻፍን። መንጠቆ በሾፌር ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ሲባጎ ከሱቅ፣ ጨው፣ መጥበሻ፣ ብርድ ልብስ፣ የወባ ክኒን ከታደሰ። አዞ ቢመጣስ ስለው እዚያው ስንደርስ እናስብበታለን ብሎ ዘለለው። የቀረን ወንዙን የሚያውቅ ሰው ነው። ገናሌን ደግሞ ከኦቦ ጂሎ በላይ ማን ያውቃል? በልጅነታቸው ከብት ያጠጡበት ነው።

ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። በኦሮምኛ አካም፣ ናጋ ተባባልን፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቅሁ። ወተት ቀረበልኝ። ጡዬ ጓዳ ናት፣ እንደምትሰማኝ አውቃለሁ... ይኼኔ ነው ሰይጣን ምላሴ ላይ ጉብ ያለው። የት ብናርፍ ይሻላል ብዬ ጠይቄ መውጣት ስችል፣ ጀግና መምሰል አማረኝ። ዓሣ ማጥመድ ለእኔ አዲስ እንዳልሆነ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ተወልጄ በዓሣ እንዳደግሁ፣ አባቴም የታወቁ ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ዘረገፍኩላቸው።

ውሸት! አባቴ የወረዳ ጸሐፊ ነበሩ። እጃቸው ከቀለምና ከወረቀት ሌላ አያውቅም። እኔም እስከዚያ ቀን አንዲት ዓሣ አጥምጄ አላውቅም።

ኦቦ ጂሎ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«አባትህ ዓሣ ያጠምዱ ነበር?»

«አዎ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «አያቴም ጭምር።»

አያቴን ምን አስገባቸው? እሳቸው ስለ ገናሌ አንድም ነገር ሳይነግሩኝ፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለብኝ ብለው ተነሡ። ቅዳሜ ከሰዓት ምን ፍርድ ቤት አለ? እኔ ጅሉ ግን አላወቅኩም፤ እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ከሽማግሌዎቼ አንዱ፣ ባለ ሱቁ ጋሽ ኢብራሂም፣ እያለከለኩ መጡና ኦቦ ጂሎ ልጄን አልሰጥም ማለታቸውን ነገሩኝ፤ ጉዴንም አስረዱኝ። በዚያ አገር ከብት ያለው ሰው ዓሣ አይበላም። ዓሣ አጥምዶ የሚኖር ቤት ከብት የሌለው ቤት ነው፣ ቦረና ከእሱ ጋር ጋብቻ አይገጥምም። አራት ዓመት ከሰዎቹ ጋር ኖሬ ይህን አለማወቄ... ጠይቄ አላውቅማ። አስተማሪ ነኛ!

ከጋሽ ኢብራሂም ጋር ሄድን። ኦቦ ጂሎ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ሁሉም ውሸት እንደሆነ፣ ጉራ እንደሆነ፣ ምዬ ተገዝቼ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ሽማግሌዎችህ አባትህን ጸሐፊ ናቸው አሉኝ፣ አንተ ዓሣ አጥማጅ አልከኝ» አሉ። «ዓሣ አጥማጅ ከሆኑ ልጄን አልሰጥህም። ጸሐፊ ከሆኑ ደግሞ፣ ትናንት በአባትህ የዋሸህ ነገ በልጄ ትዋሻለህ። የቱን ልውሰድልህ?»

ጋሽ ኢብራሂም ክንዴን ይዘው መለሱኝ።

ሰኞ ልጆቹ ሲወጡ ጡዬን ክፍሏ በር ላይ ጠበቅኋት። እንጥፋ ልላት ነበር። ቀድማኝ ተናገረች።

«ቅዳሜ ጓዳ ሆኜ ስሰማህ፣ አባቴ እንደማይሰጡህ ወዲያው ገባኝ» አለች። «የዓሣ አጥማጅ ልጅም ቢሆን እከተለዋለሁ ብዬ ልብሴን ቋጠርኩ... ትናንት ውሸት መሆኑን ስሰማ ፈታሁት።»

እሷ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ።

ገናሌ ሳንሄድ ቀረን። ታደሰ ብቻህን አልተውህም ብሎ እሱም ቀረ። መስከረም ላይ ዝውውር ጠይቄ ቦሬ ከተማ ገባሁ። ጡዬ ተልተሌ ለሚባል አገር ሰው ተዳረች አሉ፤ ባሏም ደህና ሰው ነው አሉ። እኔም አግብቼ ወልጃለሁ፣ ሚስቴን አልበደልኩም። ግን ያ የተፈታ ቋጠሮ ከዓይኔ አይጠፋም። ልብሷን አንድ በአንድ እያወጣች መልሳ ስታስቀምጥ ትታየኛለች። ልቤን ይሰብረዋል፣ ምን ልደብቃችሁ።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ... እኔ ዓሣ አልወድም።