የጌም ቤቱ ሙዚቃ በሰው እጅ

በሱዳኗ ገዳሪፍ፣ ሰሊጥ ነጋዴዎች ጆንያ ከሚከምሩበት ሰፈር ጀርባ፣ የሉሉ ጋረደው ጌም ቤት አለ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ ቁልፋቸው የላላ ጆይስቲኮች፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ በሩ ላይ መጋረጃ፤ ሀብቷ ይኸው ነው። ጌም ቤት ሲባል ለሰው የሚታየው ጩኸትና ስድብ ነው። ሉሉ ግን የጮኸውን ሁሉ ጆይስቲኩን ቀምታ ውጭ ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ታስቀምጠዋለች። ለምን ቢሏት መልሷ አንድ ነው፤ «ሙዚቃው አይሰማማ።»

ልጆቹ «ፈረሱ» የሚሉት አንድ ጨዋታ አላት። እውነተኛ ስሙን ያነበበው የለም፤ አንድ ፈረሰኛ የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ በረሃ ያቋርጣል፣ በቃ። ልጆቹ ይጋልባሉ፣ ሉሉ ታዳምጣለች። ዜማው ሲጀምር ቀስ ይላል፣ በር እየፈራ እንደሚያንኳኳ ሰው። ከዚያ ከበሮው ይገባና ፈረሱ ሲጋልብ የሰውም ልብ አብሮ ይጋልባል። ወንድማማቾቹ ሲገናኙ ደግሞ ዜማው ድንገት ይታጠፍና ማንም ያልጠበቀው ከፍታ ላይ ይወጣል። ያንን መታጠፊያ የሚሰማው ጨዋታው ሲያልቅ ብቻ ነው፤ የሚጨርሰው ልጅ ደግሞ ከስንት አንድ ነው። ሉሉ በሰማችው ቁጥር ሰውነቷን ውርር ያደርጋታል።

አባቷ ጋረደው ማሲንቆ መቺ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጎንደር በኩል ድንበሩን ሲሻገር ማሲንቆውን እንጂ ስንቁን አልያዘም ይባላል። ከዚያ ወዲህ የገዳሪፍ ሐበሻ ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ወጣቱ ዲጄና ትልልቅ ስፒከር ለመደ፣ ጋረደውን የሚጠራው ሰው ተመናመነ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ጣቷ ለማሲንቆ የተፈጠረው አንዲት ልጁ ጌም ቤት ከፈተች።

«አባ፣ ግባና ስማው። ዋላሂ ትወደዋለህ» ብላው ነበር ያን ሰሞን።

«ሰው ያልመታውን ሙዚቃ ምኑን ልስማው? ሰው ሲመታው ያየሁ ዕለት እሰማዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ መጋረጃውን አልፎ አያውቅም። አንድ ቤት እያደሩ የሚያወሩት ስለ ውሃና ስለ መብራት ብቻ ሆነ። ዝም አይነቅዝም የሚባለው ለሌላ ቤት ነው፤ የእነሱ ዝምታ ነቅዞ ነበር። ሉሉ ከልጅነቷ ጀምሮ በአባቷ «ይቺን ስሚልኝ» እየተባለች ያደገች ልጅ ናት። አሁን እሷ የምታሰማው አግኝታ አባቷ ጆሮውን ነፈጋት። ይህ ያንገበግባት ነበር።

ኔትወርክ በተገኘ አንድ ዕለት ስልኳ ላይ ያየችው ነገር ግን ከተቀመጠችበት አስነሳት። የት አገር እንደሆነ አላወቀችም፤ ጥቁር የለበሱ ሰዎች አዳራሽ ሞልተው፣ ይህንኑ የፈረሱን ሙዚቃ በቫዮሊን፣ በመለከት፣ በከበሮ ይጫወታሉ። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ይሰማል። ሉሉ እንባዋን እየጠረገች ወደ አባቷ ሮጠች።

«አባ፣ ይኸው፣ ሰው ነው የሚመታው።»

«እሱም ስልክ ውስጥ ነው» አላት፣ ቀና እንኳ ሳይል።

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ቢባልም ይባል፤ ሉሉ ሰዎቹን ከስልኩ አውጥታ ገዳሪፍ ልታቆማቸው ቆረጠች።

ጦርነቱ ካርቱምን ሲበትን ወደ ገዳሪፍ ከሸሹት መካከል ሰልማን የሚባል የቫዮሊን መምህር ነበር፤ ወላጆቹ ሐበሾች፣ እሱ ግን እዚያው ካርቱም ተወልዶ ያደገ። ስልኩን ቻርጅ የሚያደርገው እሷ ጋ ነው።

«ኡስታዝ ሰልማን፣ ይህን መምታት ይቻላል?» አለችው አንድ ቀን፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አድርጋ።

ሰልማን ስልኩ ሞልቶም አልሄደም። «ይቻላል፤ ብቻዬን ግን አይሆንም። ጀማዓ ይፈልጋል» አላት።

ጀማዓው ተገኘ። አብረውት የተሰደዱ የካርቱም ቫዮሊን መቺዎችና አንድ አኮርዲዮን ተጫዋች መጡ። ከቱነይድባው የትግራይ ስደተኞች ካምፕ ደግሞ ክራር መቺው ፍረዝጊና ከበሮ የምትመታው ሸዊት በቦክሲ ፒክአፕ ተጭነው እየመጡ ይለማመዱ ጀመር። መለከት የለም፤ የመለከቱን ለአኮርዲዮኑ ሰጡት። የተጻፈ ኖታም የለም፤ የሚያጠኑት ከቴሌቪዥኑ ነው። ጨዋታው ደግሞ ፈረሰኛው ወደፊት ካለፈ ዜማውን ይቀይራል። ስለዚህ ልጆቹ ታዘዙ፤ ፍረዝጊ ዜማውን እስኪይዝ ድረስ ፈረሱን አንድ ቋጥኝ ዙሪያ ያዞሩታል። ልጆቹ ተነጫነጩ፣ ፈረሱ ዞረ፣ ፍረዝጊ ግን አንዷ ቦታ አልያዝልህ አለችው።

«ሓቂ ይሄ ፈረስ ዛሬ በኔ ምክንያት ይሞታል» አለ ፍረዝጊ።

«አንተ ክራርህን ያዝ፣ የፈረሱን ነገር ለኛ ተወው» አለችው ሸዊት።

እንዲህ እየተሳሳቁ ሰነበቱና ለሕዝብ የሚያሰሙበት ቀን ደረሰ። ሰሊጡ ተሰብስቦ ሰው እፎይ ባለበት ሰሞን፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ የሐበሻ ማኅበሩ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። ጋረደው ሊመጣ አልፈለገም ነበር፤ ከወጣትነቱ ጀምሮ ጓደኛው የሆነው እንጨት ነጋዴው ምስጋናው «የልጅህን ድግስ ረግጠህ የት ልትሄድ ነው?» ብሎ እየጎተተ አመጣው። ማሲንቆውን አልያዘም። ወንበሩን በሩ አጠገብ አድርጎ፣ ለመሄድ እንደተነሳ ሰው ጫፉ ላይ ተቀመጠ። ሉሉ ከመድረኩ ጥግ ሆና ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። እስከ መጨረሻው ይቀመጥልኝ እንጂ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው፣ ትላለች በሆዷ።

ሰልማን ሕዝቡን በትሕትና ለመነ። «ጀማዓ፣ ይህ በዝምታ የሚሰማ ሙዚቃ ነው። ጭብጨባው መጨረሻ ላይ ነው። ሹክረን።»

ጀመሩ። ቫዮሊኖቹ ያንን በር ቀስ ብለው አንኳኩ። ክራሩ ገባ፣ ሸዊት ከበሮውን ለቀቀችው፣ ፈረሱ ጋለበ። ከወዲያ ጥግ ልጆቹ እጃቸው ባዶ ሆኖ አውራ ጣታቸው ይንቀሳቀሳል። ሉሉ ሳታውቀው ትስቃለች። ለዓመታት ከስንጥቅ ስፒከር ሲወጣ የኖረው ድምፅ እነሆ ሥጋ ለብሶ ግቢውን አናወጠው። ጋረደው ግን አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል።

ከመታጠፊያው በፊት ዜማው ዝቅ የሚልበት ቦታ አለ። ሰልማን ያን ለካርቱም ሰው እንጂ ለጎንደር ሰው አላሰበበትም ነበር። ጎንደሬ ፊት ገመድ ያለው መሣሪያ ዝቅ ብሎ ከተመታ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ መቺው ግጥም እየጠበቀ ነው። አለመስጠት ንፉግነት ነው። ስለዚህ ጎንደሬው ምስጋናው፣ ሰው ሁሉ ዝም ማለቱን እንደ ውርደት ቆጥሮ፣ ዱላውን ይዞ ከመካከል ብድግ አለ።

«ተቀበል» አለ።

ሉሉ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ቃል የሌለው ዜማ መጣ በየደጁ፣
አባት ዝም ቢል እንኳ ተናገረች ልጁ።»

ሰልማን ምን እንደሚያደርግ ቢጨንቀው ያንኑ ዝቅ ያለውን ቦታ ደጋገመው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የተሰጠ ግጥም የሚቀበለው ካጣ መሬት ይወድቃል፤ ለሰጪውም ለደጋሹም ነውር ነው። በግቢው ውስጥ መቀበል የሚችል አዝማሪ ደግሞ አንድ ብቻ አለ፣ እሱም የተሰደበው ሰው ነው።

ጋረደው ተነሳ። ሊወጣ ነው አለች ሉሉ። እሱ ግን አዝማሪ ነው፤ አዝማሪ ስድብም ቢሰጡት ይቀበላል። ባለበት ቆሞ፣ ያንኑ በእሱ ላይ የተገጠመውን ግጥም በፈረሱ ዜማ አዜመው። ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን ሰፊ ነው። ሰልማን ደንገጥ አለና ቫዮሊኑን አስከተለው። ከበሮው ተመለሰ፣ ፈረሱ ጋለበ፣ መታጠፊያው ቀረበ። እዚህ ላይ ይስታል፣ አለች ሉሉ፤ ይህችን ጨዋታው ያለቀላቸው እንጂ ሌላ ሰው አያውቃትም።

ጋረደው አልሳተም። ከቫዮሊኖቹ እኩል ታጠፈ፣ ከእነሱ እኩል ወጣ፣ እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖም የራሱን አወረደ።

«ስሰማው ከረምኩኝ ቆሜ ከግድግዳ፣
አላወቀች እንጂ ነበርኩኝ እንግዳ።»

ግቢው በእልልታ ተናጋ። ጎረቤቶቹ ሳቁ፤ ለካ ከጌም ቤቱ ኋላ ግድግዳ ተጠግቶ ሲቆም ሁሉም ያዩት ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ያልሰማችው ሉሉ ብቻ ናት። በሰው መሃል እየተሽሎከለከች ደረሰችበት።

«አባ፣ መጨረሻውን እንዴት አወቅከው?»

«ቆሜ ነዋ። እነዚያ ልጆችሽ ቶሎ አይጨርሱት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዴማ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው መብራት ሄደ። ተናድጄ እራቴን ሳልበላ ተኛሁ።»

ሉሉ ያን ምሽት አስታወሰችው። በእሷ የተቆጣ መስሏት ሽንኩርት እየላጠች አልቅሳ ነበር። አሁን ሳቋ ከእንባዋ ጋር እንደተቀላቀለ እጁን ያዘችው።

ሕዝቡ «ድገሙት» እያለ ያጨበጭባል። ሰልማን ላቡን ጠርጎ ቫዮሊኑን አነሳ። ጋረደው ወንበሩን ከበሩ አጠገብ አንስቶ እየተሸከመ መጣና ፊት ለፊት፣ ከሁሉም ቀድሞ አስቀመጠው። ለሉሉም ቦታ አስለቀቀላት። ዜማው ዝቅ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ምስጋናው እንደገና ዱላውን ተመርኩዞ ሊነሳ ሲል ጋረደው ዘወር አለበት።

«ምስጋናው፣ ተቀመጥ። ይሄ በዝምታ የሚሰማ ነው።»