የካፖርቱ ሦስተኛ ቁልፍ

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሻንጣው ሲሞላና ሲራገፍ ይህ ስድስተኛው ነው። እናት ትጨምራለች፣ የእጅ ሚዛኑ እምቢ ይላል፣ እናት ታወጣለች። የሁለት ዓመት ተኩሏ እሜቴ ደግሞ የራሷ ሥራ አላት፤ እናቷ ዞር እስክትል ጠብቃ ጭልፋ ትጨምራለች። ጭልፋው ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። አንድ ጊዜማ የአያቷ የአንድ እግር ነጠላ ጫማ ከዳይፐሮቹ ሥር ተገኝቷል። እሜቴ የቤት ስሟ ነው። ያወጣችላት አያቷ ናት፤ ገና ድክ ድክ ሳትል ቤቱን በጣቷ ማዘዝ ስለ ጀመረች።

አያቲቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰፊዋ ይላታል። አርባ ዓመት የስፌት መኪና ረግጣለች። ከሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሆና የሁለት ትውልድ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፍታለች። ባሏ ሲሞት ልጇ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አስተምራ ለፋርማሲ ሥራ ያበቃቻት በዚያችው መኪና ነው። ሜትር አንገቷ ላይ አይጠፋም፣ ግን ለጌጥ ነው ማለት ይቻላል። በተለይ ኪስ ስትሠራ ሜትር አትነካም። «ኪስ የሚለካው በሚገባበት ነገር ነው» ትላለች። መነጽር ከሆነ መነጽሩን፣ ስልክ ከሆነ ስልኩን ከገበሩ ሥር ታስገባና ሦስቱን ጎን ሰፍታ፣ በአራተኛው በኩል ዕቃውን ሳብ አድርጋ ታወጣዋለች። ደንበኞቿ እየሳቁም ቢሆን ስልካቸውን ትተውላት ይሄዳሉ፤ ኪሱ ግን ልክክ ብሎ ይጠብቃቸዋል።

ልጅየዋ፣ የእሜቴ እናት፣ በእናቷ አልወጣችም። ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት በስም፣ በቁጥርና በቀን ስትደረድር ስለምትውል፣ ያልተጻፈ ነገር እንደሌለ ነው የምትቆጥረው። ለዚህ ጉዞ አራት ገጽ ዝርዝር ጽፋ የፍሪጁ በር ላይ ለጥፋለች። የትኩሳት ሽሮፕ፣ ጡጦ ሁለት፣ እርጥብ መጥረጊያ፣ ቅያሪ ሱሪ አምስት። ፓስፖርቶቹንና የክትባት ደብተሩን አንድ ዓይነት ጥቁር የፕላስቲክ ልባስ አልብሳቸዋለች፤ አንድ መልክ ያለው ነገር ያስደስታታል። ይኸው ደስታዋ ኋላ ጉድ ሠራት።

ባሏ ባሕር ማዶ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። ሲሄድ እሜቴ ገና በሆድ ነበረች። አባቷን የምታውቀው በስልክ መስታወት ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ስልክ የሚባል ነገር ሁሉ ለእሷ «አባባ» ነው። የጎረቤት ስልክ ሲጮህ እንኳ «አባባ! አባባ!» እያለች በር ትደበድባለች። ቪዛው ሁለት ዓመት ፈጅቶ በስንት ደጅ ጥናት ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ልጅቷን ኩፍኝ ያዛት፤ ትኬቱ ሁለት ጊዜ ተራዘመ። አሁን የመግቢያው የመጨረሻ ቀን ነገ ነው። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በሚነሳው አውሮፕላን ካልሄዱ ነገሩ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል፤ ወይም ጨርሶ አይጀመርም።

ባለፈው ሳምንት ሰፊዋ አላስችላት ብሎ አፏ አመለጣት።

«ልጅቷን ለእኔ ተያት። ሄደሽ ቤት ያዢ፣ ሥራ ያዢ፣ ከዚያ መጥተሽ ትወስጃታለሽ።»

«አባቷ አንድ ቀን ያላቀፋትን ልጅ ትቼ ልሂድ? እማዬ፣ ይህን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ሁለተኛ አላነሳችውም። ግን ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለ ኪሎ ብቻ ሆነ። ልጅየዋ የሰነድ ቦርሳዋን ትራሷ ሥር አድርጋ መተኛት ጀመረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። ሰፊዋ ይህን አይታለች፤ አይታም፣ ጆሮ ዳባ ልበስ እንደሚባለው፣ ዓይኗን ዳባ አልብሳዋለች። ውስጧ ግን ቆስሏል።

የመሄጃው ቀን ደረሰ። ታክሲው የሚመጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ልጅየዋ በዝርዝሩ ላይ የቀረችውን የመጨረሻ መስመር ለመሰረዝ ቦርሳዋን ከፈተች። የመጀመሪያውን ጥቁር ልባስ ገለጠች፤ የራሷ ፓስፖርት ነው። ሁለተኛውን ገለጠች። እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ።

«እማዬ!»

«ወይ።»

«የልጅቷ ፓስፖርት የለም።»

«ምን ማለት ነው የለም? ሁለቱ አብረው አይደሉ እንዴ?»

«አብረው ነበሩ! ይኼ የክትባት ደብተር ነው!»

ቤቱ ተገለባበጠ። መሳቢያ ተመዘዘ፣ ፍራሽ ተነሳ፣ የቆሻሻ ቅርጫት ወለል ላይ ተደፋ። የእሜቴ መጫወቻ ቅርጫት ሲራገፍ ሦስት የልብስ መቆንጠጫ፣ ግማሽ ብስኩትና የጠፋው የሪሞት ባትሪ ተገኘ። ፓስፖርት የለም። እሜቴ ዕቃ መበተን እንዲህ በትልልቅ ሰዎች ሲፈቀድ አይታ ስለማታውቅ በደስታ እየጮኸች ታግዛቸዋለች።

ልጅየዋ ከአልጋው ሥር ብቅ አለችና፣ ፀጉሯ ላይ አቧራ እንደ ተንጠለጠለ እናቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ቦርሳዬን ነክተሻል?»

«አልነካሁም» አለች ሰፊዋ።

ነክታለች። ትናንት ልጇ ገላዋን ልትታጠብ ስትገባ ነው። ከሳምንት በፊት አንድ ሐሳብ መጥቶላት ነበር፤ በዚያ ሕዝብ በሚተራመስበት አየር ማረፊያ ልጅቷ ከእናቷ እጅ ብታመልጥስ? ወረቀቷ ከላይዋ ላይ ቢሆን አይሻልም? በካፖርቷ ውስጠኛ በኩል አንዲት ኪስ ብሠራላት ብላ፣ ለልክ ፓስፖርቱን አወጣች፤ ሠርታም በገዛ እጇ ወደ ቦርሳው መለሰችው። መመለሷን እጇ ያስታውሳል። ታዲያ እውነቱን ብትናገር ምን ነበረበት? ግን ትራስ ሥር ያደረ ቦርሳ ነው። «ለኪስ ልክ ነው ያወጣሁት» ብትል ማን ያምናታል? በሕይወቷ ሐሰት ብዙም አይቀናትም፤ ይህቺ ግን ሳታስበው ከአፏ ወጣች፤ ከወጣች በኋላ ደግሞ መመለሻ የላትም።

ስልኩ ጮኸ። «አባባ!» አለች እሜቴ።

«ወጣችሁ?» አለ ባል ከወዲያ። ድምፁ የደስታም የፍርሃትም ነው። «ብርዱ አይጣል ነው፣ ካፖርቷን እንዳትረሱ!»

«እየወጣን ነው» አለች ልጅየዋ፤ ስልኩን ዘጋችና ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። በአንድ ቀን እናትም ልጅም ዋሹ። ከዚያም ዞር ሳትል፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ደብቀሽው ከሆነ አሁን አውጪው። አልቆጣሽም። እምልልሻለሁ አልቆጣሽም። ብቻ አውጪው።»

«በስተርጅናዬ ሌባ አደረግሽኝ?»

«ሌባ አላልኩሽም። አያት ነው ያልኩሽ።»

ሰፊዋ ክው አለች። ልጇ የተሳሳተችው ስለ እናቷ እጅ ነው እንጂ ስለ እናቷ ልብ አይደለም። አልደበቀችም፤ ግን ፓስፖርቱ ጠፋ ሲባል ከድንጋጤው ሥር አንድ ሌላ ነገር ብልጭ ብሎባት ነበር። ደስታ ነው። አሳፋሪ፣ ግን እውነተኛ ደስታ።

ከታች የታክሲው ጡሩምባ ተሰማ። ሹፌሩ ከምድር ቤት ጀምሮ ደረጃውን እየወጣ ይጣራል። «እማማ! መንገዱ ተዘጋግቷል እኮ! አሁን ካልተነሳን ኃላፊነት አልወስድም!»

«ልጅቷን አልብሻት» አለች ልጅየዋ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «እኔ ሻንጣውን እንደገና ላራግፈው።» ወደ መኝታ ቤት ገባች። የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት እንደሚቀደድ ጨርቅ ጮኸ።

ሰፊዋ ከበሩ ኋላ ካፖርቱን አወረደች። ቀይ ነው፤ ወፍራም ገበር ያለው፣ ከፊቱ ሦስት ትልልቅ ቁልፎች። እሜቴን ወንበር ላይ አቆመቻትና እጆቿን አስገባችላት። ደረቷ ላይ ልብሱን ስታስተካክል ቀኝ እጇ ቀጥ አለ።

ገበሩ ውስጥ ጠንካራ ነገር አለ። አራት ማዕዘን። ጠርዙ ፕላስቲክ።

በአንድ ጊዜ ሁሉ ነገር መጣላት። ትናንት ሦስቱን ጎን ሰፍታ ፓስፖርቱን ልትስብ ስትል እሜቴ የጋለውን ካውያ በገመዱ መጎተት ጀመረች። ጮኻ ሮጠች፣ ካውያውን ነቀለች፣ ልጅቷን አቅፋ አባበለች። ስትመለስ ያገኘችው አፉን የከፈተ ገበር ነው። አርባ ዓመት ክፍት ስፌት አይታ ያላለፈች እጅ አሁንም አላለፈችም፤ ድፍን አድርጋ ሰፋችው። ፓስፖርቱን ስትፈልግ አብራ ያወጣችውንና ጠረጴዛው ላይ የተወችውን ሌላ ጥቁር ልባስ ደግሞ ፓስፖርቱ መስሏት አንስታ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። የክትባቱን ደብተር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ ግን አፍሳም አልለቀመች፣ በላዩ ላይ ነው የሰፋችው።

አንዲት ቃል ብትናገር ይበቃል። እጇ ግን ሄዶ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፈ።

ነገ ማታ የቪዛው ጊዜ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም ማድረግ አይችልም። ካፖርቱም በዚህ ሙቀት ማንም አይነካውም፤ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ጠዋት ጠዋት ይህቺ ልጅ እየመጣች በጣቷ የአያቷን የዓይን ቆብ መግለጧን ትቀጥላለች። ምድር ቤት ካለችው ክፍል ቁራጭ ጨርቅ እየለቀመች ትውላለች። ብትናገር ደግሞስ? «ደብቀሽው ነበር» ከመባል ታመልጣለች? የዋሸች ሴት ናት፤ ዕቃው ያለው በእሷው ስፌት ውስጥ ነው። ብትናገር ልጅቷንም ስሟንም ታጣለች። ዝም ብትል ቢያንስ ልጅቷ ትቀርላታለች።

ሁለተኛውን ቁልፍ ቆለፈች።

በዚህ መሀል ከመኝታ ቤት የሚሰማው የዕቃ ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ድምፅ መጣ። የታፈነ ነው፤ ሰው አፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ ሲያለቅስ የሚወጣ ድምፅ። ሰፊዋ ታውቀዋለች። ልጇ አባቷ የሞተ ሰሞን እንዲህ ነበር የምታለቅሰው፤ እናቷ የስፌት መኪናው ላይ ሆና እንዳትሰማት ከጠረጴዛው ሥር ተደብቃ፣ የዩኒፎርም ቁራጭ አፏ ውስጥ ከታ። የዚያን ጊዜ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰፊዋ ሳምንቱን ሙሉ ለልጅ ልጇ ስታለቅስ ልጇን ረስታት ነበር።

ሦስተኛውን ቁልፍ ይዛ የነበረችው እጅ ለቀቀችው።

«ነይ» ብላ ጮኸች። «መቀስ ይዘሽ ነይ! ትንሿን!»

ልጅየዋ ዓይኗ ቀልቶ ብቅ አለች። ሰፊዋ ካፖርቱን ከልጅቷ ላይ ሳታወልቅ ገበሩን ገለበጠች፤ የመቀሱን ጫፍ ከስፌቱ ሥር አስገብታ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገችው። ጥቁሩ ልባስ ብቅ አለ። ስባ አወጣችና ለልጇ ዘረጋችላት። ልጅየዋ ተቀብላ ገለጠችው፤ የእሜቴ ፎቶ፣ አፍ የተከፈተበት። ደጋግማ አየችው። ከዚያም እናቷን አየቻት።

«ቦርሳዬን አልነካሁም ብለሽኝ ነበር።»

«ዋሸሁሽ።»

ሌላ ለመናገር ጊዜ አልነበረም። ሹፌሩ በሩ ላይ ደርሶ ሻንጣውን በእግሩ እየተጫነ መዝጋት ጀምሯል። ሚዛን የሚያይ ጠፋ። ጭልፋው ገብቶ ይሁን ቀርቶ ማንም አላወቀም።

መንገዱ እውነትም ተዘጋግቷል። ሦስቱም ታክሲው የኋላ ወንበር ላይ ናቸው። እሜቴ አያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። ልጅየዋ ሁለቱን ፓስፖርቶች በሁለት እጇ ጨብጣ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ታያለች። እንደዚህ ሆነው ሊለያዩ ነው።

«ለኪስ ልክ ነበር ያወጣሁት» አለች ሰፊዋ በመጨረሻ። «ብትጠፋ ወረቀቷ ከላይዋ ላይ እንዲሆን ብዬ። ካውያው መጣና ሳላወጣው ሰፋሁበት። የመለስኩት ደብተሩን መሆኑን አላወቅሁም።»

እናቷ እንዴት ኪስ እንደምትሠራ ከልጅየዋ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ስንት ጊዜ የደንበኛ ስልክ ከገበር ውስጥ ሲጮህ ሰምታ ስቃለች። ይህን ታምናለች። ሰፊዋ እዚህ ላይ ብታቆም ይበቃት ነበር።

«ሌላም አለ» አለች። «ሳለብሳት ነው ያገኘሁት። በእጄ ነካሁት። ያኔውኑ አልነገርኩሽም።»

ልጅየዋ ፊቷን ከመስኮቱ መለሰች። «ምን ያህል ቆየሽ?»

«ሁለት ቁልፍ እስክቆልፍ።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየት አደረጋቸውና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። የአየር ማረፊያው አጥር ታየ። ልጅየዋ የተኛችውን ልጇን አየች፤ ካፖርቱን፣ የላይኛውን ቁልፍ፣ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ክፍት የቀረውን ሦስተኛውን። ብዙ ጊዜ አየችው። ታክሲው መግቢያው ላይ ሲቆም ፓስፖርቶቹን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና የእናቷን እጅ ያዘች። መርፌ ያደደረውን አመልካች ጣት ይዛ ክፍቱ ቁልፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኼን ቆልፊላት፣ እማዬ» አለች። «እዚያ ብርድ ነው።»

ሰፊዋ ሞከረች። አርባ ዓመት ቁልፍ ሲተክሉና ሲቆልፉ የኖሩት ጣቶች እምቢ አሏት። ሹፌሩ ወርዶ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ እስኪያወርድ ድረስ ከዚያች ቁልፍ ጋር ታገለች፤ ልጇም ጊዜው እየሄደባት እንኳ አላጣደፈቻትም።