ዶልጎር የሳቀችበት ሥዕል

ዶልጎር ያንን ሥዕል መጀመሪያ ያየች ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ከሁሉ በላይ ሲያንገበግባት የኖረውም ይኸው ነው።

ክረምቱ በሞንጎሊያ ዋና ከተማ በኡላንባታር የራሽን ካርድ የተጀመረበት ክረምት ነበር። ከሩሲያ በባቡር ይገባ የነበረው ስኳር፣ ሳሙና፣ ቤንዚንና ክብሪት ቀጥ ብሏል። ዶልጎር ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለው የመንግሥት የምግብ መደብር ሃያ ሁለት ዓመት ከባንኮኒ ኋላ የሠራች ሴት ናት። በደጉ ጊዜ ፎቶግራፏ ሁለቴ በምስጉን ሠራተኞች ሰሌዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አሁን ሥራዋ ካርድ በመቀስ መቁረጥ፣ ያለውን ማቀበልና «አልቋል» ማለት ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስትል ትውልና ቤቷ ገብታ ባሏ ሉብሳን «ሻይ አለ ወይ?» ሲላት፣ አፏ ሳታስበው «አልቋል» ይላል። ሉብሳን የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ቤንዚን ከጠፋ ጀምሮ መኪናውን አቁሞ የጎረቤት ቦት ጫማ ይጠግናል።

ጋዜጣውን ያመጣችው ልጃቸው ዙላ ናት። ዙላ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች፤ ባለፈው ዓመት ወጣቱ ነፃነት ይምጣ ብሎ አደባባይ ሲወጣ እሷም በዚያ ብርድ አብራ ቆማለች። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ ጋዜጦች እንደ አሸን ፈልተው ነበር። ይኼኛው መንግሥትን በቀልድ የሚሸነቁጥ፣ አራት ገጽ ብቻ ያለው ነው። አባትዬው አይቶ ተንከተከተ። ዶልጎር ሊጥ ያቦካ እጇን ወደ ላይ እንደያዘች በትከሻው ላይ አሻግራ ተመለከተች።

ባዶ መደርደሪያ ተስሏል። ከፊቱ አንዲት ሆዳም የመደብር ሻጭ ጆንያ ላይ ተንሰራፍታ ተቀምጣ «አልቋል፤ ቀጣይ» ትላለች። ከኋላዋ አንድ ባለ ባርኔጣ ባለሥልጣን በአራት እግሩ ተንበርክኮ፣ ከመቀመጫዋ ሥር ጫፉ የማይታይ ረጅም ቋሊማ ይመዛል። ዶልጎር እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንባዋን በክንዷ ጠርጋ እንደገና ስታይ፣ የሴትዮዋ መነጽር አንዱ ጆሮ ላይ በነጭ ክር ታስሯል። ከአገጯ በስተግራ ጥቁር ነጥብ አለ።

የዶልጎር መነጽር በጥቅምት ተሰብሮ ብሎን ስለጠፋ በነጭ ክር ነበር የታሰረው።

«እማዬ፣ ስንት ሰው መነጽሩን በክር ያስራል» አለች ዙላ፣ የእናቷን ፊት አይታ።

«ነጥቡስ?» አለች ዶልጎር፣ የራሷን አገጭ እያሳየቻት።

«የሳሉት እኮ ሥርዓቱን ነው። አንቺን አይደለም።»

«ሥርዓቱ መነጽር ያደርጋል እንዴ?» አለች ዶልጎር፤ ወደ ሊጧም ተመለሰች።

በማግስቱ ወረፋው ውስጥ ጋዜጣው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየችው። ሰዉ ከንጋት ጀምሮ ብርድ ላይ ቆሞ ጢሙና ሽፋሽፍቱ በረዶ ሠርቷል፤ ግን ይስቃል። አንድ ጎልማሳ ተራው ሲደርስ ካርዱን ዘርግቶ፣ «እትዬ፣ እስቲ ብድግ ይበሉልን፤ ከሥርዎ ያለውን እንየው» አላት። የኋላው ሁሉ አውካካ። እሷም ፈገግ ብላ አሳለፈችው። በሁለተኛው ቀን ግን ሌላው ደገመው፤ በሦስተኛው ቀን ሕፃን ያቀፈች አንዲት ሴት መጣች። ይቺ አልሳቀችም።

«ይነሱ» አለቻት።

ዶልጎር ተነሳች። ሴትየዋ ባንኮኒውን ዞራ ጎንበስ ብላ ከበርጩማው ሥር አየች። ከዶልጎር የተቀየረ ጫማ በቀር ምንም አልነበረም። «እንግዲያው ጓዳ ነው የደበቃችሁት» ብላ ዳቦዋን ይዛ ወጣች። ዶልጎር እስኪመሽ ድረስ አልተቀመጠችም።

ቤቷ ስትገባ ሉብሳን «ሳቂበትና ተይው» አላት። መሳቁስ ባልከፋ። የቸገራት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ማንም የማያውቀው። በታኅሣሥ አንድ ሳጥን ቋሊማ የመጣ ጊዜ አንዱን ጥቅልል ካፖርቷ ውስጥ ደብቃ ለዙላ ልደት ወስዳለች። ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ ሌላ አልወሰደችም ባይባልም፣ በዚያ በችግሩ ጊዜ የወሰደችው እሱን ብቻ ነው። እና ሌሊት ተገላብጣ «ይዋሻሉ» ልትል ስትል፣ ያ ቋሊማ ጉሮሮዋ ላይ ይመጣባታል።

የመደብሩ ሥራ አስኪያጅ ዳምባ ይባላል። አመሻሽ ላይ የቢሮ መኪና በጓሮ በር ቆሞ ሣጥን ሲጭንለት ሠራተኛው ሁሉ ያያል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። ሥዕሉ በወጣ በሳምንቱ ዶልጎርን አስጠራት። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ሕዝቡ ተቆጥቷል፣ ዶልጎር። ለራስሽ ደኅንነት ስል መጋዘን ላዛውርሽ ነው።»

«የጓሮውን በር እኔ ነኝ እንዴ የምከፍተው?»

«ጋዜጣ ላይ የወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለ ዳምባ በለሰለሰ ድምፅ። «ሰው መደብሩ ተጠርጓል ይበል። ለሁላችንም ይበጃል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሳት በሌለበት መጋዘን ውስጥ የበሰበሰ ድንች ከደኅናው ትለይ ጀመር። ዙላ ይህን ስትሰማ ሹራቧን ደርባ ወጣች፤ የት እንደሄደችም ለማንም አልነገረችም።

የነጩ ወር በዓል፣ የሞንጎሊያ አዲስ ዓመት፣ በገባ በሦስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። የገባው ቀጠን ያለ፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። ዙላ ከመቀመጫዋ ተነስታ ቆመች። እንግዳው በበዓሉ ልማድ ታናሽ ለታላቁ እንደሚያደርገው እጆቹን ከዶልጎር ክንዶች ሥር ዘርግቶ ደገፋት። «ወሩ በሰላም ገባልዎ፣ እትዬ? ጎንቺግ እባላለሁ። የጋዜጣው ሠዓሊ ነኝ።»

በዚያ በዓል የመጣን እንግዳ አይመልሱም። ዶልጎር አስቀመጠችው፤ ወተት ያለበት ሻይ ቀዳችለት፤ በሊጥ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለውን ቡዝ፣ ከሥጋው ሽንኩርቱ የሚበዛውን፣ ፊቱ አኖረችለት።

«ምን አድርጌህ ነው?» አለችው።

ጎንቺግ ሻዩን አስቀመጠ። «ኅዳር ላይ ከእናቴ ጋር ለዳቦ ሦስት ሰዓት ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ቀና ሳይሉ አልቋል አሉን። እናቴ ‹እባክሽ አንዴ እዪልን› ብላ ለመነችዎት። ያን ጊዜም ቀና አላሉም።»

ዶልጎር ለማስታወስ ሞከረች። በዚያ ወር የለመኗት እናቶች ብዙ ናቸው፤ አንዷም ፊት የላትም።

«ቀና ብዬ ባይ ኖሮስ ዳቦው ይመጣ ነበር?»

«አይመጣም።»

«እያንዳንዱን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየሁ አልቋል ብል ኖሮ፣ ሁለት ቀን ሳልቆይ አብድ ነበር።»

ሉብሳን ጉሮሮውን ጠረገ። ጎንቺግ አንገቱን ደፍቶ፣ «ልመታ የፈለግሁት ባለ ባርኔጣውን ነው። እርስዎን የሳልኩት... እንዲያው ወንበር እንደሚሳለው ነው» አለ።

«እሱ ወረፋው ጋ አይመጣም። እኔ ግን በየማለዳው እዚያ ነበርኩ። ሰዉ የሚያየው እኔን ነው። አሁን እኔን አንስታችሁ፣ በጓሮ የሚጭነው ሰውዬ እንደ ተቀመጠ ነው።»

«ዙላ ነግራኛለች።»

ዶልጎር ልጇን አየቻት፤ ወዲያው ሳታስበው፣ «አንድ ቋሊማ ወስጃለሁ» አለች። «ለእሷ ልደት።»

ዙላ መሬት መሬት አየች። ከየት መጣ ሳትል በልታዋለች። «እኔም በልቻለሁ» አለ ሉብሳን፣ ሸክሙን የሚካፈል መስሎት። ማንም አልሳቀም።

«ማረሚያ ላወጣልዎ ነበር» አለ ጎንቺግ። «ግን ያለፈው ቁጥር የመጨረሻችን ነው። ማተሚያ ቤቱ ወረቀት የለም አለን።»

«ወረቀትም አለቀ?»

«አልቋል።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ፊቱ ቀላ። ሊወጣ ሲል በሌላ ጋዜጣ፣ አሳምሮ እንደገና ሊስላት እንደሚችል ነገራት። «አትሳለኝ፤ በደግም በክፉም» አለችው። ከዚያ ሦስት ቡዝ በወረቀት ጠቅልላ፣ «ለእናትህ» ብላ ሰጠችው። ጎንቺግ ተቀብሏት ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሉብሳን፣ «ስምንት በልቶ ሦስት ወሰደ» አለ። እሷም «ርቦት ነበር» ብላ ሳህኑን አነሳች።

ወደ ባንኮኒው አልተመለሰችም። ዙላ ያን ቀን «አንቺን አይደለም» ስላለቻት እናቷን ይቅርታ ልትጠይቅ ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምራ አቋርጣለች፤ ዶልጎርም አልረዳቻትም። ፀደይ ሲገባ መደብሩ ወደ ግል ሊዞር ነው ተባለ፤ የሚገዛውም ዳምባ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዶልጎር አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ ሰው ከሳቀ ዞር ብላ ማየት ለምዳ ነበር። ብዙውን ጊዜ ሰዎቹ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚስቁት።

በበጋው ሉብሳን እንደምንም ቤንዚን አግኝቶ አልጋቸውንና ድስታቸውን ጫነ፤ ዙላ ለትምህርቷ አክስቷ ዘንድ ቀረች። ሁለቱ ወደ አርሃንጋይ ገጠር፣ የአርቢዎች ማኅበሩ ሲፈርስ የከብት ድርሻ ወደደረሰው ወንድሟ ሄዱ። እዚያ ጋዜጣ አይደርስም። አንድ ቀን ዶልጎር ላም እያለበች ሳለ ወንድሟ ከከተማ ለምን እንደወጣች ጠየቃት።

«የመጋዘኑ ብርድ ጉልበቴን ጎድቶት ነው» አለችው። እሱም ውሸት አልነበረም።