አክስቴ የቀነሰችው ቁጥር

አክስቴን የሚያውቅ ሁሉ «ከእሷ ጋር አትጣላ» ይላል። እውነት ነው። እኔም ቂም የማልለቅ የእሷው ዘር ነኝና ይቺን ባወራሁ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች። ባሏም እዚያው ሾፌር ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ የድርጅቱን ናፍጣ እያስቀዳ ሲሸጥ ከርሞ፣ ሲነቃበት ጣቱን ባሏ ላይ ቀሰረ። ምስኪኑ ታሰረ። ያ ዓይን አውጣ ደግሞ በማግስቱ ሬዲዮ ክፍል ገብቶ «አይዞሽ እህቴ» አላት። እህቴ ይላል ደግሞ!

ይህ ሰው ለዴፖው፣ ማለትም ለነዳጅ ማከማቻው፣ ኃላፊ የሚልከው መልእክት ሁሉ ቁጥር ነበር። የትኛው ፊደል ስንት እንደሆነ ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ሁለቱ ግን በየፊደሉ ቁጥር ላይ ሌላ የምስጢር ቁጥር ተራ በተራ ይደምሩበታል። አክስቴ በሬዲዮ የምታነበው ድምሩን ብቻ ነው።

መልእክቱ ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቁጥሮች ይጀምራል።

«ይሄ ጉረኛ ከማዕረጉ ሌላ ምን ያስቀድማል?» አለችኝ። «ከዋና ሥራ አስኪያጁ» የሚለውን በቁጥር ጽፋ ከድምሩ ላይ ቀነሰች። አምስት ቁጥሮች እየተደጋገሙ ወጡ። ቁልፉ ተገኘ! የናፍጣው ጉድ በሙሉ ተነበበ።

«በይ ለፖሊስ ንገሪ» አልኳት።

«እሱ ይክዳል፣ እኔ እባረራለሁ። አይሆንም! በገዛ አፉ ነው የማስይዘው።»

መርማሪዎች ድርጅቱን ሊፈትሹ የመጡ ቀን፣ በእሱ ቁልፍ ደምራ ለዴፖው ላከች፦ «ከዋና ሥራ አስኪያጁ። የደበቅነውን ናፍጣ እኩለ ቀን ላይ ዋናው ግቢ አምጣ።»

ቁልፉን ከሁለታችን ሌላ ማንም አያውቅም ብሎ ያምናል፤ ታዲያ የዴፖው ኃላፊ ምን ብሎ ይጠርጥር? በርሜሎቹን ጭኖ ከች አለ። ከመኪናው ወርዶ፣ መርማሪዎቹን ሳያውቃቸው ፊታቸው «ጌታዬ፣ የደበቅነውን ይኸው አመጣሁ» አለ። የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። አክስቴ በሬዲዮ ክፍሉ መስኮት እያየች ሳቀች። እሰይ!

ባሏ ተፈታ። ቤት እንደገባ «ሰውየው ልጆች አሉት፤ እኔ ይቅር ብዬዋለሁ፣ አንቺም ተይው» አላት።

«እስቲ እጅህን አሳየኝ» አለችው።

ዘረጋላት። እስር ቤት ከገባ ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤ ከእንግዲህ መሪ አይጨብጥም። በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው፤ መንቀጥቀጡ አልቆመም።

«ይሄ ሲቆም» አለች፣ «ያኔ ይቅር እለዋለሁ።»