አክስቴ የመሰከረችለት ሊዝ

አክስቴ ሰውን የምትመዝነው በቆሻሻ ልብሱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የክለባችንን ማልያ ስታጥብ፣ ከስታዲየሙ ደረጃ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ከሳሙና ጋር ስትታገል ኖራ የደረሰችበት ፍልስፍና ይህ ነው። ካልሲውን እንደ ጠቀለለው የሚወረውር ተጫዋች ለእሷ ከንቱ ነው፤ አሥር ጎል ቢያገባም አትምረውም። ካልሲውን ገልብጦ፣ ጭቃውን አራግፎ፣ «እማዬ፣ አደከምኩሽ» ብሎ የሚያስረክብ ደግሞ ጨዋ ነው፤ አለቀ። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝና ስንቴ ተከራክሬያታለሁ። «ካልሲ የሚገለብጥ ሌባ የለም?» ስላት፣ «አይተሽ ታውቂያለሽ?» ትለኛለች። ሰፈሩ እማማ ሳሙና ይላታል። ስሙ ቀልድ ቢሆንም ክብሩ የእውነት ነበር። እሷ «ጥሩ ሰው ነው» ያለችለት ሰው ቤት ለመከራየት አይቸገርም፣ ሚስትም አያጣም።

ከካልሲ ገልባጮቹ ሁሉ የምትወደው የቀድሞውን አምበላችንን ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ኳሱን ትቶ ንግድ ጀመረ፣ ሰባ፣ ከረባት አሰረ፣ በመጨረሻም የክለቡ ሊቀመንበር ሆነ። ያን ቀን አክስቴን የሙሽራ እናት ነበር ያደረጋት።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። የስታዲየሙ መሬት የከተማው ነው፤ ክለባችን በሊዝ ይዞታል። ክለቡ ደግሞ የአባላቱ ስለሆነ፣ ሊዙ ለሌላ ይተላለፍ ከተባለ አባላቱ ተሰብስበው እጅ ማውጣት አለባቸው። ሊቀመንበሩ ሁላችንንም ደረጃው ላይ ሰበሰበና፣ አንድ ኩባንያ ሊዙን ከተረከበን ጣሪያውን ያድሳል፣ ሣሩን ይተክላል፣ እኛም እንደ ድሯችን እንጫወታለን አለ። ሰው አጉረመረመ። የአክስቴ ባል፣ በር ላይ ትኬት የሚቆርጠው ጋሼ፣ «ሜዳው ነገ ሱቅ ቢሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። ሊቀመንበሩ ከጋሼ ዞር ብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን አክስቴን አያትና፣ «እማዬ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ» አላት።

አክስቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተነሳች። «ይህን ልጅ ጭቃውን አጥቤ ነው የማውቀው» አለች። «ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀራል ካለ ይቀራል። እኔ እመሰክራለሁ።» መጀመሪያ እጇን ያወጣችውም እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ማን ይከራከር? ጋሼም እየተነጫነጨ አወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ስታዲየሙ በቆርቆሮ ታጠረ። ቆርቆሮው ላይ ትልቅ ሥዕል ተለጠፈ፦ መስታወት በመስታወት የሆነ ሕንፃ፣ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ቢሮ። ኳስ የምትባል ነገር ለዓይን እንኳ የለችበትም። ውሉን ያየ አንድ ጠበቃ ኩባንያው መሬቱን ለፈለገው ሥራ ሊያውለው እንደሚችል ነገረን። ሜዳው ሜዳ ሆኖ እንዲቀር የሚያስገድድ አንድ መስመር የለበትም። የተዋዋለውም ሊቀመንበሩ ራሱ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አፍ አወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

አክስቴ ግን «አታለውት ይሆናል እንጂ እሱ አያደርገውም» አለች። ከአፉ ልትሰማው ወደ ስታዲየሙ ስትሄድ እኔም፣ ጋሼም፣ የተቆጡት አባላትም ተከተልናት። ሊቀመንበሩን ከአጥሩ ደጃፍ፣ መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል አገኘነው።

«ልጄ፣ ታውቅ ነበር?» አለችው።

«እማዬ፣ ጊዜው ተለውጧል፤ ሜዳ አያዋጣም።»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

መሬት መሬት አየ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «አንቺን መቼ እረሳለሁ!» አላት። «ሕንፃው ላይ ላውንደሪ ይከፈታል፤ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። ገና ስብሰባው ሳይጠራ ነው ያስያዝኩልሽ።»

ይህን ከደግነት ይበለው ከተንኮል እስከ ዛሬ አላውቅም። በጥፊ ልለው ስል አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ከኋላችን ያለው ሰው ግን እሱን መቆጣት ትቶ እሷን ማየት ጀመረ። አንዱ «አሃ፣ ለካ ነገሩ እንዲህ ነው» አለ። አንድ በአንድ እየተንጠባጠቡ ሄዱ።

ቤት ስንደርስ ጋሼ ኮቱን ሰቅሎ ተቀመጠ። ቢጮህ በተሻለ ነበር። ቀስ ብሎ «ላውንደሪውን መቼ ነው የነገረሽ?» አላት።

«ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ከአንተው ጋር።»

«እሺ» አለና ፊቱን አዞረ። እሺታው እንዳላመናት ያስታውቃል። አብረው ባረጁበት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ተያዩ።

እኔ የሊቀመንበሩን ዘር ማንዘር መራገም ስጀምር አክስቴ ዝም አሰኘችኝ። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ፤ እኔን ብቻ ጥሎኝ ቢሆን እችለው ነበር» አለች። ጋሼ መስማቱን እያወቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «ሜዳውን ወሰደ፣ ቃሌንም ወሰደ። ከእንግዲህ ዝናብ መጣ ብል እንኳ ልብሱን ከገመድ የሚያስገባ ሰው የለም» አለችኝ።