ሞላ ያሸነፈልን ገና

ታኅሣሥ ገብቶ የገና ዱላ ከዱላ ሲጋጭ በሰማሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል። እልኸኛ ሰው ነበር፤ እኔም የወረስኩት ይህንኑ ነው። ከገነተ ማርያም በላይ ባለችው መንደራችን የገና ተጫዋቾችን የሚመርጠው እሱ ነበር። የታች መንደር ሰዎች ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፈው በዘፈን ሰደቡት፤ ተረቱ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና ሜዳ ላይ ስቆ ይቀበላል፣ ቤት ሲገባ ግን እህል አይቀምስም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደርበው በመጪው ገና ለመንደሩ ሊያሸንፍ በክረምቱ ቆርጦ ተነሣ። ጫፉ የቆለመመ የወይራ ዱላ ፍለጋ ገደል ለገደል ሲዞር ከርሞ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ከበረቱ ኋላ ድንጋይ ደርድሮ፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እየመታ በመሐሉ ያሳልፍ ነበር። እማዬ «አረሙን ማን ሊያርመው ነው?» እያለች ብትቆጣም፣ ዱላውን ቅቤ የምትቀባለት እሷው ነበረች።

ገብሱ ታጭዶ አውድማ ሲገባ፣ ሽማግሌዎቹ ከእኛ ርቃ ባለችው ወገል ጤና ሞላ የሚባል ስመ ጥር መቺ እንዳለ ለአባቴ ነገሩት። ደንቡ ባዳ አይጫወትም ይላል፤ ይሁንና የመንደሩን ጽዋ የጠጣ ወንድም ይባላልና አባቴ መላ አገኘ፣ በታኅሣሥ ገብርኤል ሞላን አስመጥቶ የማኅበራችንን ጽዋ አጠጣው።

ደርበው ነገሩ ገብቶት፣ «አባባ፣ በእኔ ቦታ ነው የሚያስገቡት?» አለ።

አባቴ ዓይኑን ሳያየው፣ «ዘንድሮ መሸነፍ የለም» አለው።

ወንድሜ አላለቀሰም። እኔ አለቀስኩለት፣ አባቴንም ጠላሁት።

የገና ዕለት አሸነፍን። ሞላ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ ሩሯን በታች መንደሮች ድንበር አሻገራት፣ ሜዳው በጭፈራ ተናወጠ። ከዚያ ግን መሄጃ ጠፋን። በእኛ ዘንድ ጭፈራው የሚያመራው ሩሯን ወዳሻገረው ልጅ እናት ደጅ ነው፤ እናት ወጥታ ትመርቃለች፣ ጠላ ትቀዳለች። የሞላ እናት ያለችው ደግሞ ወገል ጤና ነው። ግራ ቢገባን እኛው ቤት ሄድን። እማዬ ደጃፉ ላይ ቆማ ሞላን ትክ ብላ አየችው።

«ጎበዝ ልጅ ነህ፣ እንከን አይወጣልህም። ግን እናትህ ሳለች እኔ በምን አፌ ልመርቅህ?» አለችው።

ሞላ አንገቱን ደፋ። ጭፈራው እዚያው በረደ፣ ሰዉም አንድ በአንድ ወደየቤቱ ተበተነ።

በማግስቱ አባቴ ደርበውን ጠርቶ፣ «አጥፍቻለሁ። ብንሸነፍም ከርሞ የምትገባው አንተ ነህ» አለው። ዓመቱ ዞሮ ደርበው ገባ፣ ተሸነፍንም። ሽማግሌዎቹ ቢያጉረመርሙም አባቴ ንቅንቅ አላለም፤ ያን ዕለት ከሜዳ ተመልሶ እራቱን ጥርግ አድርጎ በላ።

ዛሬ ላሊበላ ከተማ የሠፈራችንን የእግር ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ያኔ ባዳ ለማስገባት ጽዋ ማጠጣት ያስፈልግ ነበር፣ አሁን አንድ ስልክ ይበቃል። ባለፈው እሑድ በረኛችን፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ሦስት ጎል ገባበት፤ ደጋፊውም ከወልድያ በረኛ ካላመጣህ ብሎ አላስቆም አላስቀምጥ አለኝ። ልጁ ራሱ መጥቶ ዓይኑን እንደሰበረ ጓንቱን ዘረጋልኝ። ተቀብዬ መልሼ እጁ ላይ አጠለቅኩለት። በሚመጣው እሑድም የሚቆመው እሱ ነው።